ስሙን ጥሪ

ጊዜው፣ እንደሚነገረው፣ የኅዳር ረፋድ ነበር፤ ሰማዩ ከአፋፍ እስከ አፋፍ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ የዓለቱን ግንባር እያሞቀች፣ ጉሙ ግን ከሥር ከቆላው ሸለቆ ውስጥ እንደ ተኛ ከብት ሳይነሳ በዝግታ ይተነፍስ ነበር። ያ ረፋድ ካለፈ ስንት ትውልድ እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። ሆኖም ዛሬ የብሔራዊ ፓርኩን ገደላማ ዳገት ለመውጣት በትሩን ጨብጦ፣ ኮዳውን አንግቦ ከሾላ ውሃ መንደር የሚነሳ ተጓዥ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ በዚያው ረፋድ ውስጥ ነው የሚራመደው፤ ጉሙ ዛሬም በዚያው ሰዓት ይነሳል፣ መንገዱም ዛሬም በዚያው ቦታ ይታጠፋል።

መንገዱ ከመንደሩ የሾላ ዛፎች ጥላ ወጥቶ ጥቂት እንደ ሄደ የዋህነቱን ይተዋል። በመጀመሪያ ግራርና ወይራ፣ ቀጥሎም ከቅርንጫፎቻቸው ሽበት ያንጠለጠሉ የሚመስሉ የአስታ ዛፎች ይቀበሉታል፤ ከዚያ በላይ ዛፍ ሁሉ ወደ ኋላ ይቀርና፣ በገደሉ ጉንጭ ላይ እንደ ጠባሳ ተጋድሞ፣ በግራው ዓለት በቀኙ አየር ይዞ፣ ጅብራዎች በጓሳ ሣር መካከል ዘብ ወደ ቆሙበት የደጋ መንደር፣ ወደ ጓሳ ራስ ይወጣል። ከዳገቱ ወገብ ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ እጥፋት አለ። የአገሩ ሰው ይህን እጥፋት «ስሙን ጥሪ» ይለዋል።

እዚያ ሲደረስ የፓርኩ ስካውት ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ተጓዦቹን ያስቆማል። «እዚህ ጋ ማዕረግ አይሠራም፤» ይላቸዋል። «ጋሼ የለም፣ እትዬ የለም፣ ዶክተር የለም። ከኋላ ያለ ከፊቱ ያለውን ስሙን በደረቁ ይጠራል፤ የተጠራው አቤት ይላል፤ ከዚያ እንታጠፋለን።» ተማሪዎቹን አስከትሎ የወጣ መምህር የገጠመ ቀን ትዕይንቱ ደስ ያሰኛል፤ ከኋላው ያለችው ልጅ አፏን በእጇ ሸፍና «ኧረ እኔ አልችልም፣ ፕሮፌሰር!» ስትል፣ እሱ ዞር ሳይል «ጥሪኝ እንጂ ልጄ፣ ጉሙ መጣብን!» ይላታል። የንስሐ አባቱን ስም በደረቁ የጠራ ዲያቆን፣ አባቱን እንደ እኩያው የጠራ ጎልማሳ፣ እጥፋቱን ካለፉ በኋላ ጉልበት ስመው ወደ ቀድሞው አጠራራቸው ይመለሳሉ። ከሁሉ ይልቅ ግን ቦታው የሙሽሮች ነው ይባላል፤ ለመልስ የምትወጣ ወይም የምትወርድ ሙሽራ ሁሉ እዚያ ቆማ፣ ፊቷ ቢቀላም ቢገረጣም፣ የባሏን ስም ጮክ ብላ ሳትጠራ አታልፍም።

ሽማግሌዎቹ ነገሩን እንዲህ ይጀምሩታል። በዚያ ዘመን ከገደሉ በላይ ያለው የደጋ ሰውና ከገደሉ በታች ያለው የቆላ ሰው የሚገናኙት በገበያና በጋብቻ ብቻ ሲሆን፣ ከጓሳ ራስ አንጓች የምትባል ልጅ ለሾላ ውሃ ተዳረች። አንጓች በጉም ውስጥ ያደገች ነበረችና ጉምን የምታውቀው ሌላው ሰው ጎረቤቱን በሚያውቅበት ዕውቀት ነበር፤ ሲመጣ በአፍንጫዋ፣ ሲቆም በጆሮዋ፣ ሲሄድ በጉንጯ። ወደ ቆላ በወረደች ጊዜ ከሁሉ ነገር የናፈቃት እናቷም ቤቷም ሳይሆኑ፣ ጠዋት በር ሲከፈት ሳያንኳኳ የሚገባው ያ ነጭ እንግዳ ነበር ይባላል።

አማቷ እመት ሽታዬ ሥርዓት ዐዋቂ ሴት ነበሩ። ሠርጉ ባለፈ ማግስት ምራታቸውን ከፊታቸው አስቀምጠው፣ እንደ አገሩ ወግ፣ አዲስ ስም አወጡላት። «ከዛሬ ወዲያ ዘመናይ ነሽ፤ አንጓች ከገደሉ በላይ ቀርታለች፤» አሏት። ቀጥለውም ሁለተኛውን ሥርዓት ነገሯት፤ ከቤቱ ወንዶች የማንንም ስም በአፏ እንዳታነሳ፣ ይልቁንም የባሏን። «የባልሽን ስም፣ ልጄ፣ አፍሽ እንዳይለምደው በልብሽም አታስቢው። አንቱ ትይዋለሽ፤ በሌለበት እሳቸው ትይዋለሽ፤ በቃ።»

«ራቅ ብለው ሳሉ ብፈልጋቸውስ፣ እሜቴ፣ ምን ብዬ ልጥራቸው?» ብላ አንጓች ዐይኗን ሳታነሳ ጠየቀች።

«መጥራት ምን ያደርጋል? ባል ሲርበው ይመጣል፤ ካልራበው ደግሞ ብትጠሪውም አይመጣም፤» ቢሏት በጓዳ የነበሩት ሴቶች ሁሉ በሳቅ ፈረሱ።

አንጓች ግን በልቧ አሰበችው። ለማሰብማ ማን ይከለክላታል? ምንጭ ወርዳ ውሃ ስትቀዳ፣ ሰው አለመኖሩን ግራ ቀኝ አይታ፣ በባዶው እንስራ አፍ ላይ ጎንበስ ትልና የባሏን ስም ወደ ውስጥ ትተነፍሰው ነበር ይባላል፤ እንስራው በጎድጓዳ ድምፁ ስሙን መልሶ ሲላት፣ የተያዘች መስሏት ደንግጣ ፈጥና ውሃ ትሞላበት ነበር። ስሙ በአፏ ውስጥ ምን እንደሚጥም ያወቀው ያ እንስራ ብቻ ነው።

ባሏ ረጅም፣ ገራገር፣ ከንግግሩ ሳቁ የሚቀድም ቆለኛ ነበር። እናቱ ስላወጡት ሥርዓት ከማንም በላይ የሚያጉረመርመው እሱ ነበር። «በሬው ስም አለው፤ ውሻው ስም አለው፤» ይላት ነበር ማታ ማታ። «በዚህ ቤት እሳቸው የምባል እኔ ብቻ ነኝ። ምነው፣ አርጅቼብሽ ነው?» እሷም የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ «ኧረ ይተዉኝ፤» ትለው ነበር።

የመልሱ ቀን ሲደርስ ታናሽ ወንድሟ ተቀባ ሙሽሮቹን ወደ ወላጆቿ ቤት ሊወስድ በቅሎ ይዞ ወረደ። ተቀባ ጢም ያቀመቀመ፣ ለቀልድ የማይደክም ጎረምሳ ነበር። ጎህ ሲቀድ ተነሱ፤ እንደ ወጉ ባል ከፊት፣ ሙሽራይቱ ከመካከል፣ ተቀባ በቅሎዋን ከነጭነቷ እየሳበ ከኋላ። የአስታውን ደን አልፈው ገደሉ እንደ ጀመረ ቆለኛው እስትንፋሱ እየተቆራረጠ ይሄድ ጀመር።

«አማቼ፣» አለ ተቀባ ከኋላ፣ «እስትንፋስዎን ሾላ ውሃ ረስተውት መጡ እንዴ?»

«አልረሳሁትም፤ በቅሎህ ላይ ጭነኸዋል ብዬ ነው!»

«እንግዲያስ ቀስ ይበሉ። በቅሎዋም የእርስዎን ተሸክማ የራሷ ሊያልቅባት ነው።»

አንጓች በሁለቱ መካከል አንገቷን ደፍታ ስትሄድ፣ ከፊቷ የባሏን ተረከዝ፣ ከቀኟ ጥልቁን ታያለች። ከሥራቸው ጉሙ የሸለቆውን ዳርቻ ሞልቶ፣ ሌሎቹ የተራራ ጫፎች ከላዩ ላይ ብቅ ብለው፣ ዓለም ሁሉ ገና ከውሃ በመውጣት ላይ ያለች ትመስል ነበር። ጭላዳዎች ከገደሉ ከንፈር ላይ ተቀምጠው፣ ጋማቸውን ፀሐይ እያበራው፣ የጓሳውን ሥር በትናንሽ ጣቶቻቸው እየለቀሙ እርስ በርሳቸው ያንሾካሹካሉ። ራቅ ብሎ አንድ ዋልያ፣ ቀንዱን እንደ ጨረቃ ወደ ኋላ ደፍቶ፣ እግር ይቆማል በማይባልበት ቋጥኝ ላይ ቆሞ ያያቸዋል። የጦስኝ ሽታ ከእግራቸው ሥር ይነሳል። አንጓች ሰውነቷ ቀለላት፤ የምትወጣው ዳገት ሳይሆን ሕልም መሰላት፤ በየርምጃው ዘመናይ ከላይዋ እየረገፈች አንጓች ተመልሳ የምትመጣ መሰላት።

ባሏ አንገቱን ወደ እሷ መለስ አደረገ። «ስሚ፣ ጓሳ ራስ ሳንደርስ አንድ መጠሪያ ታወጪልኛለሽ። አለዚያ እናትሽ ደጅ ላይ ማን መጣ ሲባል ምን ልትይ ነው?»

«እሳቸው መጡ እላለኋ።»

«የደጋ ሰው እሳቸው ማነው ብሎ በውሻ ያስባርረኛል!»

ተቀባ ከኋላ ሳቀ። አንጓች ግን አልሳቀችም፤ ምክንያቱም በዚያች ቅጽበት በልቧ ቆርጣ ነበር። እጥፋቱን ካለፉ በኋላ፣ የወላጆቿ ቤት ጭስ ከመታየቱ በፊት፣ መንገደኛ የሚያርፍበት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እዚያ ሲያርፉ፣ ተቀባ በቅሎዋን ሲያጠጣ፣ ወደ ባሏ ጆሮ ጠጋ ብላ ስሙን ልትነግረው ቆረጠች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማንም ሳይሰማ። እመት ሽታዬም ቢሆኑ በደጋ ላይ የተተነፈሰውን ቃል ቆላ ሆነው አይሰሙትም። ከዚህች አሳብ በኋላ የተራመደችው ጥቂት መንገድ፣ ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት፣ በሕይወቷ ሁሉ ከተራመደችው መንገድ የጣፈጣት ነበር።

የእጥፋቱ ነገር እንዲህ ነው። እውነተኛው መንገድ እዚያ ሲደርስ ድንገት ወደ ግራ ተሰብሮ በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ ጠባብ፣ ጠጠራማ፣ መንገድ የማይመስል ነው። ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ግን ጭላዳዎች የሚያድሩበት የሣር መደብ ይታያል፤ ለስላሳ፣ ሰፊ፣ እንደ አውድማ የተስተካከለ፣ ከመንገዱ ይልቅ መንገድ የሚመስል። ዳርቻው ላይ አገር ያልቃል። ሰማይ ጥርት ባለ ጊዜ ማንም አይሳሳትበትም።

እጥፋቱ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር የበቅሎዋ መጫኛ ላላና ጭነቱ ዘመመ። ተቀባ ሊያጠብቀው ቆመ። በዚያው አፍታ አንጓች በአፍንጫዋ እርጥብ ድንጋይ ሸተታት፤ ቀና ስትል ጉሙ ተነስቶ ነበር። እንደ ልማዱ ድምፅ ሳያሰማ፣ ቸኩሎም ሳይሆን፣ የገደሉን ግድግዳ በነጭ መዳፉ እየዳሰሰ ወጣና መጀመሪያ ጭላዳዎቹን፣ ቀጥሎ የባሏን ጀርባ፣ በመጨረሻ የራሷን እጆች ወሰደባት። ከዓለም የቀራት የባሏ ዱላ ድምፅ ብቻ ሆነ፤ ከፊቷ ድንጋይ እየመታ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። አልፈራችም፤ ጉሙ የልጅነት ወዳጇ ነው። ድምፁን ተከትላ ሄደች።

ከዚያ የዱላው ድምፅ ጠፋ።

ጠፋ ማለት ቆመ ማለት አልነበረም። አንጓች ወዲያው ገባት፤ ዱላው አሁንም ይወርዳል ይነሳል፤ የሚያርፍበት ግን ድንጋይ መሆኑ ቀርቶ ሣር ሆኗል።

አፏን ከፈተች። ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ ግን ወንድሟ ከኋላዋ ይሰማል፣ የአማቷም ቃል በጆሮዋ ውስጥ ነበር። አንቱ እንዳትል፣ አንቱ ለቅርብ፣ ለቀስታ፣ ለምድጃ ዳር የተሠራ ቃል ነው፤ ሰው አንቱ ብሎ እንዴት ይጮኻል? ልብ በደነገጠ ጊዜ አፍ የሚያውቀውን ያወጣልና፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ከገደል ገደል የጮኸችው ቃል አመለጣት።

«አንተ! ቁም! አንተ፣ ተመለስ!»

«እሺ፣ እታለም!» አለ ተቀባ ከኋላ። እሱን አንተ እያለች ያሳደገችው እህቱ ናትና፣ ለምን ሳይል የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ወደ መጣበት ተመለሰ።

ከፊት፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ሳቅ የተቀላቀለበት የባሏ ድምፅ መጣ። «ተቀባ፣ ትጠራሃለች! ቶሎ በል፣ የእህትህ ቁጣ ከገደሉ ይብሳል!»

ሣር ላይ የሚሄድ እግር ድምፅ የለውም። ስለዚህ አንጓች መቼ እንደ ሆነ እንኳ አልሰማችም ይባላል። ያን ጊዜ ስሙን ጠራች፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ በሙሉ ድምፅዋ፣ እስኪዘጋባት ድረስ። ገደሉ ስሙን ተቀብሎ ከዓለት ወደ ዓለት እያሻገረ መለሰላት፤ ሌላ የመለሰላት አልነበረም።

ጉሙ ከቀትር በኋላ ሲገፈፍ የሣሩ መደብ ባዶውን፣ አረንጓዴ፣ ፀሐይ ተኝታበት ታየ። የሾላ ውሃ ሰዎች ከሥር በኩል ዞረው ሬሳውን አገኙት፤ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ለቅሶው ሳይበርድ ግን በየጓዳው ሹክሹክታ ተጀመረ፤ «ገፊ ናት፤ ገና በመልሷ በላችው፤» ተባለ። የባሏ አጎቶች ተሰብስበው ወደ መጣችበት ገደል ትመለስ አሉ። እመት ሽታዬ ሁሉንም ሰሙና «መጀመሪያ ቦታውን አሳዩኝ፤» አሉ። ወደ ዳገቱ በበቅሎ ይውጡ ቢባሉም እምቢ አሉ፤ በእግራቸው፣ በየድንጋዩ እየተቀመጡ፣ ለቀስተኛውን ሁሉ አስከትለው ወጡ።

እጥፋቱ ላይ ሲደርሱ ምራታቸውን ከጎናቸው አቆሟት።

«ወንድምሽ፣ አንተ ብላ ጠራችኝ፣ ተመለስኩ ይላል። ልጄ ምን ሰማ?»

«እሱኑ ነው የሰሙት፣ እሜቴ። አንተ ነው ያልኩት።»

«አንተ ልጄ ነው?»

«አይደሉም። አንቱ ለጩኸት አልመች አለኝ። ስማቸው ደግሞ…» ብላ ቆመች።

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ሣሩን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ነፋሱ የነጠላቸውን ጥለት ያንቀሳቅስ ነበር። «አዎ፣» አሉ፣ «እሱን እኔ ወሰድኩብሽ።» ቀጥለውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «በይ፣ ስሙን ጥሪው፤» አሏት።

«እሜቴ፣ ሰው አለ። አጎቶቻቸው አሉ።»

«ሰው ይስማ። አጎቶቹም ይስሙ። ስሙን ጥሪው።»

አንጓች ጠራችው። ስሙ ጥልቁን ተሻግሮ፣ የፊት ለፊቱን ግድግዳ ነክቶ፣ እየደከመ ተመለሰ፤ የመጨረሻው ቁራጭ ከአየሩ ውስጥ ሲሟሟ፣ እመት ሽታዬ እንደ ሕፃን በቀጠነ ድምፅ፣ በልጃቸው ፈንታ፣ «አቤት፤» አሉ። ያን ጊዜ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ አጎቶቹ ሳይቀሩ ጥምጥማቸውን አውልቀው ያለቀሱት። ስለ ገፊነትም ከዚያ ቀን በኋላ አፉን የከፈተ አልነበረም። እመት ሽታዬ ከመነሳታቸው በፊት በዚያ እጥፋት ላይ አፍሮ ዝም የሚል ሰው እንዳይኖር፣ ሚስት ባሏን፣ ልጅ አባቱን፣ አሽከር ጌታውን በስሙ እንዲጠራ፣ የተጠራውም አቤት ሳይል እንዳያልፍ ሁሉንም አስማሉ። መሐላው ግን በእጥፋቱ ብቻ የተወሰነ ነበር፤ ከእጥፋቱ በላይም በታችም የቀድሞው ሥርዓት እንደ ነበረ ቀጠለ።

አንጓች ወደ ጓሳ ራስ አልተመለሰችም። ፀንሳ ነበርና ወንድ ልጅ ወለደች፤ ከልጁም እስከ ዛሬ ድረስ በሾላ ውሃ የሚኖር ወገን ወጣ። እርጅና እስኪያስቀራት ድረስ በየኅዳሩ ወደ እጥፋቱ ወጥታ ጉሙ ሲነሳ የባሏን ስም ትጠራ ነበር ይላሉ፤ አንዳንዶች እንዲያውም ጉሙ ስሙን እየወሰደ ጥቂት ጥቂት ወደ ቆላው ያወርደው ነበር፣ የዚያ አገር ማሽላ የሚያጎነብሰውም ከስሙ ክብደት ነው ይላሉ፤ ይህን ግን ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ፈገግ እያሉ ነው የሚያወሩት።

ታሪኩን ከአንጓች ተቀብለው ለተከታዮቻቸው ያቆዩት የዚያ ቤት ሴቶች ናቸው፤ አማት ለምራት፣ ምራትም በተራዋ አማት ስትሆን ለምራቷ። የዚያ ቤት ምራት ደግሞ ከባሏ ወገን ወንዶች የሞተውንም ሆነ ያለውን በስሙ አታነሳም። በመሆኑም ተራኪዋ ከዚያ ቦታ ስትደርስ «እሳቸው» ብላ ታልፋለች፤ የሰማችውም «እሳቸው» ብላ ታስተላልፋለች። ዛሬ የአንጓች ስም ይታወቃል፤ የተቀባም፣ የእመት ሽታዬም ይታወቃል። በእጥፋቱ ላይም በየቀኑ የብዙ ሰው ስም ይጠራል፤ በጉሙ ውስጥ አቤት፣ አቤት ሲባባሉ ከሩቅ ይሰማል። የእሱን ስም የሚያውቅ ግን በቆላም በደጋም አንድ ሰው አልተገኘም። ስሙ ጠፍቷል።